የግቢው ሁለተኛ ጣሪያ

ጅማ ውስጥ የመኪና ቤት ሠርቶ መኪና ብቻ የሚያሳድርበት ሰው ጥቂት ነው። ቆጪን፣ ቦሳን፣ የጅሬንን ግርጌ ዞር ዞር ብላችሁ ግቢዎቹን ብታዩ፣ ለመኪና ተብሎ በተሠራው ክፍል ውስጥ የምታገኙት አንድ ወንደላጤ የባንክ ሠራተኛ፣ የልብስ ስፌት ማሽን፣ ጎን ለጎን የተጠጋጉ ሁለት ባጃጆች ወይም እስከ ጣሪያ የተደረደረ ጆንያ ነው። አጋሮና ሊሙ ገነት ስትደርሱ ጆንያው ይበዛል። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ መኪና የለውም፤ ወደፊት እገዛለሁ ብሎም አይደለም የሠራው። ሰፊ በር ያለው ክፍል ለማንም ይሆናል ብሎ ነው።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ክፍል ነው፤ ከዋናው ቤት ተነጥሎ በአጥሩ ጥግ ለኪራይ ስለሚቆመው ሁለተኛ ጣሪያ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሰው ሊሠራ ሲነሳ የሚያስበው ስለ ግድግዳና ስለ ቆርቆሮ ነው። ኪራዩን የሚያተርፈውም የሚያከስረውም ግን ተከራይና አከራይ በጋራ የሚጠቀሙበት ነገር ነው፦ ውሃው፣ ቆጣሪው፣ መጸዳጃው፣ የግቢው በር።

እንግዳ አስጠግቶ መኖር ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። በጊቤ ነገሥታት ዘመን ከሩቅ የመጡ ነጋዴዎች የሚሰፍሩበት ሰፈር መንደራ ይባል ነበር፤ ስሙ ዛሬም መንደራ ቆጪ በሚባለው ቀበሌ ላይ ይኖራል። ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ሲቆም ከከፋና ከሊሙ የመጣ ሲራራ ነጋዴ ለራሱም፣ ለበቅሎውም፣ ለጭነቱም ማደሪያ ይፈልግ ነበር። ከ50 ዓመት በላይ የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን ያበለጸጉትም በጦር ብቻ ሳይሆን ነጋዴው ተማምኖ ዕቃውን የሚያሳርፍባት አገር በማድረጋቸው ነው። በኋላ ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ ሲያደርጋት፣ ከተማዋ ላይ የሲሚንቶና የብረት ሥራ ተጨመረ። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መጋዘን፣ በመካከል ግቢ የሆነው የነጋዴ ቤት አሠራር ግን ከሁሉም ተርፎ ዛሬም ይታያል።

ይህ ልማድ ክፉኛ የተመታው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው ወሰነ፤ ለመኖሪያ የሚያዘውን ቦታም በ500 ካሬ ሜትር ገደበ። ቤት አከራይቶ ገቢ ማግኘት ለግለሰብ ክልክል ሆነ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። እስከ 300 ብር ይከራዩ የነበሩትም ከ15 እስከ 50 በመቶ ኪራያቸው ተቀነሰ። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። አከራዩ ግን ግቢው ውስጥ አንድ ግድግዳ ባቆመ ቁጥር «ትርፍ» ሊባልበት እንደሚችል ተማረ። በየግቢው ከዋናው ቤት ጀርባ ተለጥፈው የምናያቸው፣ መስኮት የሌላቸው፣ አንገት አስጎንብሰው የሚያስገቡ ክፍሎች የዚያ ፍርሃት ልጆች ይመስሉኛል። ማድቤት ነው ለማለት እንዲመች የተሠራ ክፍል ማድቤት መስሎ ይቀራል። በዚያ ዘመን የገባ ተከራይም «ደባል» ነበር የሚባለው።

ዛሬ ሕጉ ሌላ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ፣ በላዩ ላይ በጉልበታችሁና በገንዘባችሁ የሠራችሁት ቤት የእናንተ ነው። በዚህ ውስጥ ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። የእናንተ የሚሆነው ያስመዘገባችሁት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ያለ ግንባታ ፈቃድ መሥራትን ይከለክላል። አንድ ክፍል የጓሮ ቤት በአዋጁ ምድብ «ሀ» ውስጥ የሚወድቅ፣ ከሦስቱ ምድቦች ቀላሉ ነው፤ የሚጠየቀው ፕላንም ቀላል ነው። ያም ሆኖ ብዙው ሰው «በጓሮዬ ማን ያየኛል» ብሎ ያልፈዋል። ማንም ላያይ ይችላል፤ መንገድ እስኪሰፋ ድረስ። አዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ጅማም ደርሷል። አጥር ገባ ሲባል ለካሳ የሚቆጠረው በካርታውና በፕላኑ ላይ ያለው ነው። ፕላን ላይ የሌለ ክፍል የፈለገውን ያህል ዓመት ኪራይ ቢያስገባ በዚያ ቀን ፍርስራሽ ነው። መኖሪያ ተብሎ በተሰጠ ቦታ ላይ ወደ መንገድ የሚከፈት ሱቅ ማውጣት ደግሞ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የጓሮው ፈቃድ ለዚያ አይበቃም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አራት ሜትር በሦስት ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል እንውሰድ። የግድግዳው ዙሪያ 15 ሜትር ነው፤ ከፍታው 2 ሜትር ከ80 ከሆነ፣ በርና መስኮቱ ሲቀነስ ወደ 39 ካሬ ሜትር ግድግዳ ይቀራል። ባለ 40 በ20 ብሎኬት በአንድ ካሬ 12 ተኩል ያህል ስለሚገባ፣ የሚሰባበረውን ጨምራችሁ ከ500 ብሎኬት ትንሽ በላይ ትገዛላችሁ። ግንበኛው ከዚህ እጅግ የራቀ ቁጥር ከጠራ ምክንያቱን ጠይቁት።

ብሎኬት ግዴታ አይደለም። ጅማ በጭቃ ቤት የኖረች ከተማ ናት፤ ጭዱ በደንብ የቦካበትና ምርጉ በየጊዜው የሚታደስ ጭቃ ቤት የልጅ ልጅ ያያል። ጠላቱ ምስጥና ከታች የሚወጣ እርጥበት ነው። ስለዚህ ባሕር ዛፉ አፈር ሳይነካ ቢያንስ ሁለት ክንድ ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም። ወደ ቦዬና ወደ ቂጦ ረግረግ በሚጠጋው በኩል ጥቁሩ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ እዚያ በመሠረት ላይ የሚቆጠብ ገንዘብ የለም።

ከግድግዳው ይልቅ ጣሪያው ላይ ልቆይ፤ በዚህ አገር ጠብ የሚወርደው ከጣሪያ ነውና። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ለዚያ ክፍል የሚለብሰው ቆርቆሮ፣ ከግድግዳው የሚያልፈው ክፈፍ ሲጨመር፣ 22 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። አባዙት፦ በዓመት 33,000 ሊትር ውሃ። ከዚህ በፊት በግቢያችሁ መሬት ላይ ተበትኖ ይሰርግ የነበረው ይህ ሁሉ ውሃ አሁን በአንድ መስመር፣ በአንድ ቦታ ይወርዳል። ክፍሉ ከአጥሩ ጋር ተለጥፎ ከተሠራና የጣሪያው ተዳፋት ወደ ውጭ ካዘነበለ፣ ውሃው የሚወርደው ጎረቤት ግቢ ነው። ወደ ውስጥ አዘንብሎ አሸንዳ ከሌለው ደግሞ የዋናውን ቤት መሠረት እየቦረቦረ ይገባል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ቀበሌና ሽማግሌ ፊት የሚቀርበው የድንበር ክርክር ስንቱ የአሸንዳ ክርክር እንደሆነ ሽማግሌ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ተዳፋቱን ወደ ራሳችሁ ግቢ አድርጉ፣ አሸንዳ ስቀሉ፣ ከሥሩ ሮቶ አስቀምጡ። ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ በዓመት ከስድስት ጊዜ በላይ ይሞላል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያ ሮቶ ራሱ የኪራይ ዋጋ አለው፤ ተከራይ ክፍሉን ሊያይ ሲመጣ ከግድግዳው ቀለም በፊት የሚጠይቀው «ውሃ አለ?» ብሎ ነው።

የጉድጓድ ውሃ ያለው ግቢ ሌላ ስሌት ይጠብቀዋል። ጉድጓድና መጸዳጃ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲራራቁ ይመከራል። ባለ 200 ካሬ ቦታ ላይ፣ 10 በ20 ቢሆን፣ ከጥግ እስከ ጥግ ቢለካ እንኳ 30 ሜትር አይገኝም። ተከራይ ሲጨመር መጸዳጃው የሚሸከመው ሰውም ይጨምራል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ግቢ የጉድጓዱ ውሃ ለልብስና ለጽዳት ይሁን፤ ለመጠጥ ተብሎ አይቀዳ። ይህን ለተከራዩ አስቀድሞ መንገር የአከራይ ግዴታ ነው እላለሁ፣ ውል ላይ ባይጻፍም።

ቆጣሪው ላይ ደግሞ ይህን አስቡት። አጋሮ ውስጥ ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት የጓሮ ክፍላቸውን ለአንዲት ወጣት ነርስ አከራይተዋል እንበል። ቆጣሪው አንድ ነው፤ ሂሳቡ በሰው ቁጥር ይከፈላል። ወሩ ሲያልቅ ይህ ይመጣል፦

«እትዬ፣ እኔ እኮ ከአንድ አምፖልና ከስልክ ቻርጅ ሌላ የምጠቀመው የለኝም።»

«ልጄ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሸተው እንጀራ ታዲያ የማን ነው?»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ነርሷ በሳምንት አንዴ ለሁለት ሰዓት ብትጋግር 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ፈጀች ማለት ነው። ባለ 10 ዋት አምፖል ማታ ማታ ለአምስት ሰዓት ቢበራ ይህንኑ ለመጨረስ 140 ሌሊት ይፈጅበታል። ስለዚህ በሰው ወይም በአምፖል ቁጥር ሂሳብ የሚካፈል ግቢ ሁሉ አንዱን እየበደለ ነው። በዚያ ላይ የቤት ታሪፉ ደረጃ ያለው ነው፤ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ሁለት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁለቱም ለየብቻቸው ቢሆኑ የማይደርሱበት ደረጃ ላይ ይወጣሉ። ብዙ አከራይ ይህን የሚፈታው «ምጣድ ክልክል ነው» በማለት ነው። እኔ አልስማማም። እንጀራ የማይጋገርበት ክፍል ውስጥ ቤተሰብ አይገባም፤ የሚገባው ወንደላጤ ነው፣ ወንደላጤ ደግሞ ዝውውር ሲመጣለት በሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዋናው ቆጣሪ ቀጥሎ ለጓሮው ብቻ የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ ማስገባትና ለምጣዱ ወፈር ያለ ሽቦ ለብቻው መዘርጋት የአንድ ቀን ሥራ ነው። የተለየ ቆጣሪ ከመብራት ኃይል ማውጣት ከተቻለ ደግሞ እሰየው።

ተከራዩ ማን ይሆናል የሚለው እንደ ከተማው ይለያያል። ጅማ ላይ የዩኒቨርሲቲው ጉልበት አለ። በ1945 አካባቢ የተከፈተው የእርሻ ኮሌጅና በኋላ የመጣው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1992 ዓ.ም. ተጣምረው ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ ከተማዋ ዓመቱን ሙሉ ደሞዝ የሚበላ ተከራይ አገኘች። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ ግቢው ውስጥ ስለሚያድር ተከራዩ እሱ አይደለም። ወጣቱ መምህር፣ ሐኪሙ፣ የማታና የክረምት ተማሪው፣ ከከፋና ከኢሉባቦር ታማሚ ይዞ መጥቶ ለሳምንታት የሚቆየው አስታማሚ ነው። አስታማሚን አስመልክቶ አንድ ነገር ልበል፤ በቀን ሂሳብ የሚያስገቡ አከራዮች አሉ፣ ገንዘቡም ከወር ተከራይ ይበልጣል። ነገር ግን ሰው በጭንቅ ቀኑ በመጣበት ቤት ዋጋ መቆለል ሰፈር የማይረሳው ስም ያተርፋል።

አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ገራና ጎማ ላይ ግን ጌታው ቡና ነው። ለቀማው በጥቅምት ይጀምራል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ይደራል። ጀንፈሉ ደርቆ እየተሰበሰበ ሲመጣ ከተማው በመዛኝ፣ በሾፌር፣ በረዳት፣ በገዥ ይሞላል፤ ማከማቻም ይፈለጋል። የጓሮው ክፍል በእነዚህ ወራት የሚያገኘውን ኪራይ ከክረምቱ ጋር ማወዳደር አይቻልም። እዚህ ላይ ነው የሰፊው በር ብልሃት። ባለሙያው ግድግዳውን ሲያወጣ ከበሩ በላይ ያለውን አርማታ ለሦስት ሜትር ክፍተት አድርጎ እንዲያስር አድርጉ፤ ቀሪውን ክፍተት በብሎኬት ሙሉትና ተራ በርና መስኮት ግጠሙበት። ነገ መጋዘን ወይም የመኪና ቤት ቢፈለግ ሙሌቱ ይነሳል፣ ጣሪያው አይነካም። መጀመሪያ በጠባብ በር የተሠራን ክፍል በኋላ ማስፋት ግን ግድግዳውን እንደገና መሥራት ነው።

ቡና ሊገባበት ከሆነ ሊሾው ላይ ጆንያ በቀጥታ አይቀመጥም። ቡና ሲገበያይ እርጥበቱ ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠበቃል፤ የጅማ ሊሾ ደግሞ በዝናብ ወር ያልባል። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ፈቀቅ ያለ ድርድር፣ ከላይ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ የአየር ቀዳዳ ያስፈልጋል። ቡና ሽታ ይጠጣል፤ ቤንዚን የሸተተውን ቡና ቀማሹ በመጀመሪያው ፉት ይለየዋል። ስለዚህ ዓመቱን ባጃጅ ያደረበት ክፍል በጥቅምት መጋዘን ይሁን ማለት ተከራዩን መበደል ነው። ከዚህ የሚብሰው ወረቀቱ ነው። የቡና ግብይት በ2009 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1051 የሚመራ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ንግድ ነው። ያለ ፈቃድ የተከማቸ ቡና ሲያዝ የቤቱም ባለቤት ስም ይነሳል። ተከራዩ የንግድ ፈቃዱን ኮፒ ሳይሰጣችሁ ቁልፍ አትስጡ።

የቡና ከተማ ኪራይ ከኒው ዮርክ የቡና ዋጋ ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። በ1994 ዓ.ም. ገደማ አንድ ፓውንድ አረቢካ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሲወርድ፣ አንዳንዱ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ። በ2017 አጋማሽ ያው ፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ታየ። በጥሩው ዓመት የተሰላ ኪራይ በክፉው ዓመት ክፍሉን ባዶ ያስቀረዋል። ለዚህ ነው ከቡና ገዥ የሚገኘውን የሦስትና የአራት ወር ከፍተኛ ኪራይ ከማሳደድ ይልቅ፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ወይም መምህር ዓመቱን ሙሉ ማስገባት ይሻላል የምለው፤ ደሞዝ ከኒው ዮርክ አይመጣምና።

ስለ ውሉ አጠር ላድርገው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 አዲስ አበባንና ድሬዳዋን፣ እንዲሁም ክልሎች የሚወስኗቸውን ከተሞች ይመለከታል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ያዛል። ከተማችሁ በዚህ ውስጥ መግባቷን የከተማው አስተዳደር ይነግራችኋል። ባትገባም እንኳ የጽሑፍ ውልና የባንክ ክፍያ ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። የስድስት ወር ቅድሚያ እየተቀበሉ በዚያው ገንዘብ ጣሪያ የሚያለብሱ አከራዮች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል፤ እውነትም በተከራይ ገንዘብ መጨረስ የለመደ ሰው ሥራውን ሌላ ቦታ ማቀድ ይኖርበታል።

ሂሳቡን ደግሞ እንየው። ክፍሉ ከነአሸንዳው፣ ሮቶውና ቆጣሪው 400,000 ብር ፈጀ፣ በወር 4,000 ብር ተከራየ እንበል፤ ቁጥሩን በራሳችሁ ሰፈር ዋጋ ቀይሩት። በዓመት 48,000 ነው። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ የሂሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ ግማሹ ወጪ ተብሎ ይቀነስለት ነበር፤ በቀረው 24,000 ላይ በዚያው አዋጅ ሠንጠረዥ ግብሩ 1,890 ብር ይመጣ ነበር። አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ የዛሬውን ተመን ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ያዙ። ቁም ነገሩ ግብር የሚያስፈራውን ያህል አለመሆኑ ነው። የሚያስፈራው ባዶ ወር ነው። በዓመት ሁለት ወር ክፍሉ ባዶ ቢያድር 8,000 ብር ሄደ፤ ከግብሩ አራት እጥፍ በላይ ነው። ምርግና ቀለም፣ የሚሰበር ቁልፍ፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ ሲቀነስ የተቀመጠው ገንዘብ የሚመለሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የጓሮ ቤት ሕጉ ሲላላ ብዙ ሰው የመኪና ቤቱን መኖሪያ አድርጎ አከራየ፤ እዚያ የቤት ብድር አለ፣ ወለዱም ተሰልቶ ይገባል። እዚህ የሚሠራው በቁጠባ፣ በእቁብ ወይም ውጭ አገር ባለ ልጅ እጅ ነው። በእቁብ የተሠራ ክፍል የሚያዋጣው ዕጣው ቀድሞ ለወጣለት ሰው ነው።

አሥር ዓመት መጠበቅ ለማይችል ሰው አነስ ያለ መንገድ አለ። ባጃጅ 2 ሜትር ከ60 ያህል ርዝመትና 1 ሜትር ከ30 ስፋት አለው። ስድስት የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ ማገርና ቆርቆሮ፣ ከታች የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ቢኖር፣ አራት ሜትር በስድስት በሆነ ዳስ ሥር ስድስት ባጃጅ በሁለት ረድፍ ያድራል። ግድግዳ የለውም፣ ቆጣሪ አያካፍልም፣ መጸዳጃ አይጨምርም፤ ክፍያውም በአዳር ወይም በወር ነው። ባለ ባጃጁ የሚከፍለው ለቆርቆሮው ሳይሆን ለአጥሩና ለሚቆለፈው በር ነው። ችግሩም ከዚያው ከበሩ ይመጣል። ነጂው ማታ ሦስት ሰዓት ይገባል፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሞተር አስነስቶ ይወጣል። ለስድስቱም ቁልፍ ብትሰጡ ስድስት ሰው እንደፈለገው ይገባል ይወጣል፤ ባትሰጡ ደግሞ ከእንቅልፉ እየተነሳ የሚከፍት አንድ ሰው ከቤተሰቡ መመደብ አለበት። ዳሱን ከማቆማችሁ በፊት ያ ሰው ማን እንደሆነ ተነጋገሩ።